የበርበሬ ረጅም ጉዞ

አቅራቢ 1፦ የዛሬው ጉዳያችን ከጓዳችን የማይጠፋው በርበሬ ነው። ቀይ ወጥን ያለ በርበሬ ማሰብ ይቻላል?

አቅራቢ 2፦ ኧረ አይቻልም! ግን የተክሉ የትውልድ አገር የአሜሪካ አህጉር መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? የሜክሲኮ ገበሬዎች ከሺህ ዓመታት በፊት ጀምሮ ሲያለሙት ኖረዋል።

አቅራቢ 1፦ ታዲያ እኛ ዘንድ እንዴት ደረሰ?

አቅራቢ 2፦ ኮሎምበስ በ1492 እ.ኤ.አ. አትላንቲክን ከተሻገረ በኋላ ነው ከአሜሪካ የወጣው። የፖርቱጋል ነጋዴዎች ወደ አፍሪካ ዳርቻዎችና ወደ ሕንድ ወሰዱት። እንግዲህ አስቢው፤ የአክሱም ነገሥታትም ሆኑ ላሊበላን ያነጹት አባቶች በርበሬ አልቀመሱም!

አቅራቢ 1፦ ያኔ የሚያቃጥል ነገር አልነበረም ልትለኝ ነው?

አቅራቢ 2፦ ነበረ እንጂ! ቁንዶ በርበሬ ከሕንድ በቀይ ባሕር በኩል ይነገድ ነበር። ሌላም ልንገርሽ፤ እኛን የሚያቃጥለን ካፕሳይሲን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ወፎችን ግን አያቃጥላቸውም። ፍሬውን በልተው ዘሩን ይበትኑለታል።

አቅራቢ 1፦ እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የእናቶቻችን ጥበብ ነው። ዛላው ይቀነጠሳል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር ይደለዛል። ከዚያ አገር በቀሉ ኮረሪማ ይጨመርበታል። ከባሕር ማዶ የመጣውን ተክል የራሳችን ያደረገው ይህ ሙያ ነው።

አቅራቢ 2፦ ልክ ነሽ። ሙያው ግን በቃል ብቻ ሲተላለፍ ሊጠፋ ይችላል። አድማጮቻችን፣ የቤታችሁን አደላለዝ ከነልኩ ጠይቃችሁ ዛሬውኑ ጻፉት።