አንድ በርና ሁለት ብቁ ቡድኖች
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ ጉባኤ ላይ ስለ ምዘናና ስለ ምርጫ አጭር ንግግር እንዳቀርብ በታዘዝኩ ጊዜ፣ ምሳሌዬን ከድልድይ ወይም ከግድብ ሥራ እንደማመጣ የገመታችሁ ሳትኖሩ አትቀሩም። እኔ ግን ያገኘሁት ከቅርጫት ኳስ ሜዳ ነው። ነገሩ በአሜሪካ አገር የአንድ ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ቡድን በ1974 የኮንፈረንሱ ሻምፒዮን የሆነበት የውድድር ዘመን ታሪክ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሌላ ካልተገለጹ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ አስታውቃለሁ።

ታሪኩን ለመረዳት የውድድሩን አሠራር አስቀድሞ ማወቅ ያሻል። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተሰባስበው ኮንፈረንስ የሚባል የውድድር ማኅበር ያቋቁማሉ። በ1953 የተመሠረተው የአትላንቲክ ጠረፍ ኮንፈረንስ ከእነዚህ አንዱ ሲሆን፣ በ1974 ሰባት ዩኒቨርሲቲዎችን ያቀፈ ነበር። እያንዳንዱ ቡድን ከሌሎቹ ስድስት ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ፣ በጠቅላላው 12 ጊዜ ይጋጠም ነበር። ይህ ካለቀ በኋላ ሰባቱም በአንድ ከተማ ተሰብስበው፣ የተሸነፈ ወዲያው የሚሰናበትበትን የሦስት ቀን ውድድር ያደርጉ ነበር። የኮንፈረንሱ ሻምፒዮን የሚባለው የዚህ የሦስት ቀን ውድድር አሸናፊ ነበር። በብሔራዊው የኮሌጆች ሻምፒዮና የሚካፈለውም እርሱ ብቻ ነበር፤ ደንቡ ከአንድ ኮንፈረንስ ከአንድ ቡድን በላይ አያስገባም ነበርና።

የታሪካችን ባለቤት በራሌ ከተማ የሚገኘው የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። ተቋሙ በ1887 ሲመሠረት የእርሻና የመካኒክ ጥበብ ኮሌጅ ስለ ነበረ፣ በሙያ ረገድ ዘመዳችን ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አሠልጣኙ ኖርም ስሎን ያዋቀረው ቡድን በአካል መጠን እጅግ የሚለያዩ ሰዎችን ያጣመረ ነበር። የመሐል ተጫዋቹ የቶም በርልሰን ቁመት ከ2 ሜትር ከ15 ሴንቲሜትር በላይ ሲሆን፣ ኳስ አከፋፋዩ ሞንቲ ታው ከ1 ሜትር ከ70 ብዙም አይበልጥም። በሁለቱ መካከል 1 ሜትር ከ93 የሚሆነው ዴቪድ ቶምፕሰን አለ፤ እርሱም በዝላዩ ወደር ያልተገኘለት ሰው ነበር።

ከ1967 እስከ 1976 ድረስ ኳስን ከላይ ሆኖ በኃይል ቅርጫት ውስጥ መክተት በኮሌጅ ጨዋታ የተከለከለ ነበር። ቡድኑ ለዚህ ክልከላ ብልሃት አበጀለት። አጭሩ ታው ኳሱን ከቀለበቱ በላይ ያንሳፍፈዋል፤ ቶምፕሰን በአየር ላይ ሳለ ተቀብሎ በቀስታ ወደ ቅርጫቱ ይጥለዋል። ንድፍ ከገደቡ ጋር ሲስማማ እንዴት እንደሚያምር ለምናውቅ ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ይህ ቡድን በ1972/73 የውድድር ዘመን 27 ጊዜ ተጫውቶ 27ቱንም አሸንፎ ነበር። ሆኖም ከተጫዋች ምልመላ ጋር በተያያዘ ጥፋት ዩኒቨርሲቲው ስለ ተቀጣ፣ በብሔራዊው ሻምፒዮና እንዳይካፈል ታገደ። በኮንፈረንሱ ፍጻሜ 76 ለ74 የተሸነፈው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በምትኩ ሄደ። በዚያ ዓመት እንግዲህ አሸናፊው ቀርቶ ተሸናፊው አለፈ። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ።

በ1973/74 እገዳው ተነሣ። በዲሴምበር ወር 1973 ቡድኑ በተከታታይ ለሰባት ዓመት የአገሪቱ ሻምፒዮን ከነበረው ከዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ጋር በሴይንት ሉዊስ ተጋጥሞ 84 ለ66 ተሸነፈ። ከዚያ ወዲህ የረታው አልተገኘም። በኮንፈረንሱ ውስጥ ያደረጋቸውን 12 ግጥሚያዎች በሙሉ አሸነፈ፤ ከእነዚህም ሁለቱ በሜሪላንድ ላይ የተገኙ ድሎች ነበሩ። ይሁን እንጂ የዚህ ሁሉ ድል ዋጋ በሦስቱ ቀን ውድድር የመጀመሪያውን ዙር ሳይጫወት ማለፍ ብቻ ነበር። በፍጻሜው ምሽት ቢሸነፍ የዓመቱ ድካም ከንቱ ይሆን ነበር።

የፍጻሜው ግጥሚያ ማርች 9 ቀን 1974፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 30 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ አገራችን በየካቲቱ ንቅናቄ ውስጥ በነበረችበት ሳምንት፣ በግሪንስቦሮ ከተማ ተደረገ። በአሠልጣኝ ሌፍቲ ድሪዘል የሚመራው ሜሪላንድ ሌን ኤልሞርን፣ ቶም ማክሚለንንና ጆን ሉካስን ያሰለፈ ኃያል ቡድን ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ ሦስተኛ ግጥሚያውን ይጫወት የነበረ ቢሆንም፣ የመጀመሪያውን አጋማሽ 55 ለ50 መርቶ ወጣ። በዚያን ጊዜ ከሩቅ ለሚገባ ኳስ ሦስት ነጥብ አይሰጥም ነበር፤ ኳስ ይዞ መዘግየትን የሚገድብ ሰዓትም አልነበረም። ሁለቱ ቡድኖች ግን አልዘገዩም፤ ከወረወሯቸው ኳሶች ከግማሽ በላዩን አስገቡ። መደበኛው ሰዓት በ97 እኩል ተፈጸመ። በተጨማሪው አምስት ደቂቃ ፊል ስፔንስ ከታው የተቀበለውን ኳስ አግብቶ 101 ለ100 አደረሰ፤ ጥቂት ሴኮንዶች ሲቀሩ ታው ሁለት የቅጣት ኳሶች ጨመረ። ውጤቱም 103 ለ100 ሆነ። በርልሰን ብቻውን 38 ነጥብ አስቆጠረ።

ከዚህ በኋላ ያለው ባጭሩ ይነገራል። ቡድኑ በብሔራዊው ሻምፒዮና ከፒትስበርግ ጋር ሲጫወት ቶምፕሰን ከከፍታ በጭንቅላቱ ወደቀ፤ ቁስሉ ተሰፍቶና ራሱ በፋሻ ተጠምጥሞ ጨዋታው ሳያልቅ ወደ አዳራሹ ተመለሰ። ማርች 23 ቀን ዩ.ሲ.ኤል.ኤ.ን እንደገና አገኙት፤ በሁለተኛው ተጨማሪ ሰዓት በ7 ነጥብ ከተመሩ በኋላ 80 ለ77 ረቱት። ከሁለት ቀን በኋላ ማርኬትን 76 ለ64 አሸንፈው የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆኑ። የዘመኑ ድምር 30 ድልና 1 ሽንፈት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመለሳለሁ። ሜሪላንድ በጋዜጠኞች የደረጃ ምደባ ከመላው አሜሪካ 4ኛ ሆኖ ዘመኑን ሲፈጽም፣ 25 ቡድኖች በተካፈሉበት ብሔራዊ ሻምፒዮና ቦታ አላገኘም። በ1973 ተሸንፎ አለፈ፤ በ1974 ምናልባት በርትቶ ሳለ ተሸንፎ ቀረ። በሁለቱ ዓመታት መካከል የተለየው የቡድኑ ችሎታ አልነበረም፤ የበሩ መከፈትና መዘጋት እንጂ። ይህ የደረሰውም በእርሱ ብቻ አይደለም። በ1970 የሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ኮንፈረንስ 14 ግጥሚያዎችን በሙሉ ካሸነፈ በኋላ በፍጻሜው 42 ለ39 ተሸንፎ ቀርቷል። በ1971 ደግሞ በሌላ ኮንፈረንስ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ 24 አሸንፎ 2 ጊዜ ብቻ፣ ያውም በዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ብቻ፣ ተሸንፎ ሳለ ከውድድሩ ውጭ ሆኗል።

በ1975 ደንቡ ተሻሻለ። የተካፋዮቹ ቁጥር 32 ሆነ፤ ከአንድ ኮንፈረንስ ሁለተኛ ቡድን እንዲገባም ተፈቀደ። ለለውጡ ምክንያት ሆኑ ከሚባሉት ሁሉ የግሪንስቦሮው ምሽት አዘውትሮ ይጠቀሳል። በዚያው በ1975 ሜሪላንድ በመደበኛው የኮንፈረንሱ ውድድር አንደኛ ወጣ፤ የሦስቱን ቀን ውድድር ባያሸንፍም በአዲሱ በር ገባ። የአገሪቱ ሻምፒዮን የነበረው ኖርዝ ካሮላይና ስቴት ግን በፍጻሜው ተሸንፎ በቤቱ ቀረ። ይህ የሚያሳየን አዲሱ በር ለስም ወይም ለዝና ሳይሆን ለዓመቱ ሥራ የተከፈተ መሆኑን ነው። በ1980 ከአንድ ኮንፈረንስ የሚገቡት ቡድኖች ቁጥር ገደብ ጨርሶ ተነሣ።

አሮጌው በርም ቢሆን አልተዘጋም። በ1983 ይኸው የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ በአሠልጣኝ ጂም ቫልቫኖ እየተመራ በዘመኑ 10 ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ነበር። የኮንፈረንሱን የሦስት ቀን ውድድር አሸንፎ ባይመጣ ኖሮ መግባቱ አጠራጣሪ ነበር፤ ገብቶ ግን በፍጻሜው ሂዩስተንን 54 ለ52 ረትቶ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። አንዱ በር የዓመቱን ጽናት ሲመዝን፣ ሌላው በወሳኙ ሰዓት መብቃትን መዘነ።

በእርግጥ በሩን ማስፋት ያለ ዋጋ አይገኝም። ሁለት ታላላቅ ቡድኖች ያን ምሽት እንደዚያ የተጫወቱት ነገ እንደሌለ ስላወቁ ነበር። መውጫ ሌላ በር ሲኖር የፍጻሜው ግጥሚያ ክብደት ይቀንሳል፤ ብቃቱ ያልተረጋገጠም ከብቁው ጋር ተደባልቆ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው በሩ ይጥበብ ወይስ ይስፋ የሚል አይደለም። ጥያቄው የምንለካው ነገር ምንድን ነው፣ መለኪያችንስ እርሱን ይለካል ወይ የሚል ነው።

የሙያ ባልደረቦቼ ሆይ፤ አንድ የኮንክሪት ናሙና ብቻ ሰብሮ ስለ ሕንፃው በሙሉ የሚፈርድ መሐንዲስ በመካከላችን የለም። ከተለያየ ቀንና ከተለያየ ቦታ የተወሰዱ ናሙናዎችን ካላየን ፊርማችንን አናኖርም። ነገር ግን በጨረታ ኮሚቴ ስንቀመጥ ዝቅተኛውን ዋጋ ብቻ ስናይ፣ ወጣት ባለሙያን ስንቀጥር የአንድ ቀን ፈተና ውጤት ብቻ ስንቆጥር፣ ለኮንክሪት የምንሰጠውን ፍርድ ለሰው እንነፍጋለን። በሦስት ነጥብ የቀረው ሰው ማን እንደሆነ አናውቅም፤ ስሙ በመዝገባችን ውስጥ አይገኝምና።

ፈተናው ጠንካራ ይሁን፤ ማንም በልመና አይለፍ። ነገር ግን የዓመታት ሥራ ያስመሰከረ ሰው በአንድ ምሽት ብቻ እንዳይመዘን ሁለተኛ በር እናብጅለት። የአሜሪካ ኮሌጆች ደንባቸውን ያሻሻሉት ሜሪላንድን ለመካስ አልነበረም፤ የ1974ቱ ፍጻሜ ተመልሶ አልተጫወተም፣ ውጤቱም እንደ ጸና ይኖራል። ያሻሻሉት ቀጥሎ ለሚመጣው ነው። በዚህ አዳራሽ ያለን አብዛኞቻችን በአንድ ወይም በሌላ ኮሚቴ የመዛኝነት ወንበር ላይ እንቀመጣለን፤ ለሚቀጥለው አመልካች በሩን የምናበጀው እኛው ነን።