ተከራይ አባል ድንኳኑን የት ይትከል?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ ስም የተሰማ ንግግር)



የሂሳብ ሪፖርቱ ከተሰማ በኋላ ሰው ወደ ቤቱ መሄድ እንደሚያምረው እናውቃለን። ቢሆንም ጥቂት ደቂቃ ታገሡን። የምንናገረው ስለ ቤት ኪራይ ነው። እድርንና ቤት ኪራይን ምን አገናኛቸው የሚል ካለ፣ ባለፈው ክረምት የገጠመንን ይስማ።

የአንድ አባላችን እናት አረፉ። እኛም እንደ ደንባችን ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ድስቱን አይሱዙ ላይ ጭነን፣ አባላችን በኪራይ ከሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም በር ደረስን። ዝናቡ ይወርዳል። ጥበቃው አላስገባም አለ። አከራዩ በስልክ ቢጠየቁ፣ «ያከራየሁት ለመኖሪያ ነው፤ ልቅሶ በውላችን ውስጥ የለም» አሉ። የሕንፃው ኮሚቴ ደግሞ «ግቢው የባለቤቶች ነው፤ ባለቤቱ ይፍቀዱ» አለን። ለቀስተኛው እየመጣ ደረጃው ላይ ቆመ፤ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ አንድ መኝታ ነው፣ ስንት ሰው ሊይዝ! በመጨረሻ ድንኳኑ የተተከለው አባላችን ድሮ ይኖሩበት በነበረው ሰፈር፣ በቀድሞ ጎረቤታቸው ግቢ ነው። ሐዘንተኛው በገዛ እናታቸው ልቅሶ እንግዳ ሆነው ሦስት ቀን ተቀመጡ።

አከራዩን ብቻ መውቀስ ይቀለናል። እውነቱን ለመናገር ግን፣ በዚያች ማታ ከእኛም መካከል «ሰውየው ከሰፈር ወጥተዋል፤ በደንቡ መሠረት አባል ናቸው ወይ?» ያልን ነበርን። መዝገብ አስወጥተን መዋጮ ስንቆጥር ነው ያመሸነው። አንድም ወር አላጓደሉም። አፈርን።

ቀድሞ ይህ ጥያቄ አይነሣም ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲታወጅ፣ አነስተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶች በቀበሌ ሥር ገቡ፤ የኪራያቸውም ልክ ተቀነሰ። አዋጁን የሚያመሰግን አለ፣ ቤቱ የተወረሰበት ደግሞ እስከ ዛሬ ያማርራል፤ እኛ እዚያ ውስጥ አንገባም። ነገር ግን የቀበሌ ቤት ተከራይ ባንድ በር ሠላሳና አርባ ዓመት ኖረ፤ ልጅ ዳረበት፣ ወላጅ ሸኘበት። ስለዚህ እድራችን ተከራይና ባለቤት ብሎ ለይቶ አያውቅም። እዚህ ከተቀመጡት ሽማግሌዎቻችን ስንቶቹ ናቸው የቀበሌ ቤት ሰዎች!

የዛሬው ተከራይ ግን ሌላ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም በየዳርቻዋ ሠራች፤ እጣ የደረሰው ሁሉ አልገባበትም፣ ብዙዎች አከራዩት። ተከራዩም ዘንድሮ ጀሞ፣ ከርሞ ሰሚት፣ ወዲያ ደግሞ ቱሉ ዲምቱ ነው። ዕቃው ገና ሳይፈታ ጭማሪ ይመጣበታል፤ ደላላው በያንዳንዱ መዛወር ድርሻውን ይወስዳል። ጥሩምባ ነፊያችንስ ከመንገድ ቢጣራ አምስተኛ ፎቅ ላይ ማን ይሰማዋል?

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ለዚህ መንከራተት ልጓም አብጅቷል። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዛል። ጭማሪም አከራዩን ባሰኘው ጊዜ ሳይሆን በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በሚያሳውቀው ልክ ነው። ከአባሎቻችን ብዙዎች ግን ዛሬም በቃል ይገባሉ። አከራዩ ግብር ፈርተው «ወረቀቱ ይቅር» ሲሉ፣ ተከራዩ ቤቱ እንዳያመልጠው እሺ ይላል። ጠብ የመጣ ዕለት ምን ይዞ ይከራከራል?

ስለ ድንኳን ግን አዋጁ አይናገርም። ስለዚህ ቅድሚያ ሳትከፍሉ፣ ውኃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣና ቆጣሪው የጋራ ይሁን የግል እንደምትጠይቁት ሁሉ፣ «ክፉ ቀን ቢመጣ ድንኳን ይተከላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱም ውሉ ላይ ይጻፍ። ቤት ሊከራይ የሄደ ሰው ስለ ሞት ሲያነሣ ሟርተኛ ሊባል ይችላል። እድርተኛ ነኝ ይበላ! በብዙ ኮንዶሚኒየም ግቢ የጋራ መጠቀሚያ ቤት ስላለ፣ የሕንፃውን ኮሚቴም በደኅናው ጊዜ ማነጋገር ይበጃል።

በእኛ በኩል፣ ሰፈር የለቀቀ አባል መዋጮውን እስከከፈለ ድረስ አባልነቱ እንዲጸና ደንቡ ይሻሻል የሚል ሐሳብ አቅርበናል። የአይሱዙው ኪራይ ከየት ይመጣል ብለው ገንዘብ ያዣችን ጠይቀዋል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ግማሹን እድሩ ግማሹን አባሉ ይቻል የምንል አለን፤ ሐዘንተኛን በዚያ ቀን ገንዘብ መጠየቅ ነውር ነው የሚሉም ከመካከላችን አሉ። አልተስማማንም። በሚቀጥለው ስብሰባ ለድምፅ ይቀርባል። እስከዚያው ቤት የቀየራችሁ ሁሉ አዲሱን አድራሻ፣ የሕንፃውን ቁጥርና የጎረቤት ስልክ ጭምር ለጸሐፊው አስመዝግቡ።