መለኪያው ምን ገምቶ ለካ?



ስለ ጤናማ ኑሮ ተናገሪ ብላችሁኛል። እኔ ግን የማወራው ስለ ብስክሌቴ ነው፤ ታገሱኝ።

ፔዳሌ ስረግጠው ጉልበቴን በዋት የሚነግረኝ ዓይነት ነው። አምና የፊቱን ክብ የሰንሰለት ጥርስ አስወጥቼ ሞላላ አስገባሁ። ወዲያው ቁጥሬ ከፍ አለ። ደስ አለኝ! ዳገቱን የምጨርስበት ሰዓት ግን ያው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኃይል የሚሰላው የመጠምዘዙን ጉልበት በመዞሪያው ፍጥነት በማባዛት ነው። ብዙ መለኪያዎች ፍጥነቱን በአንድ ዙር አንዴ ብቻ አስልተው፣ ዙሩን ሙሉ እኩል ነው ብለው ይወስዱታል። በሞላላ ጥርስ ግን እግር አጥብቆ በሚረግጥበት ቦታ ዙሩ ይዘገያል፤ ስለዚህ መለኪያው ያጋንናል። ፍጥነቱን በጋይሮስኮፕ በየቅጽበቱ የሚከታተል ፔዳል ይህን ያርማል።

እ.ኤ.አ. በ2015 ቱር ደ ፍራንስ ክሪስ ፍሩም በዶፒንግ ሲጠረጠር፣ ቡድኑ የአንዱን ዳገት አማካይ 414 ዋት ይፋ አድርጎ፣ ሞላላው ጥርስ ቁጥሩን 6 በመቶ ያህል እንደሚያጋንን አስረዳ።

ይህን ሳስብ ትዝ የምትለኝ ክንደ ወፍራም የሆነች አንዲት እናት ናት። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ክንድ ላይ በሚጠመጠመው ጠባብ ጨርቅ ግፊቷን ለክቼ መድኃኒት ጨመርኩባት። ቤቷ ከአልጋ ስትነሳ አዙሯት ወደቀች። መለኪያው አልተበላሸም ነበር፤ ለእሷ ክንድ ግን አልተሠራም። መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ቁጥር ሲያስደነግጠን ብቻ ሳይሆን ሲያስደስተንም እንጠይቅ።