ስለ ክሪሽና ልደት በዓል ለተማሮች የተነገረ ንግግር



የዛሬው ንግግሬ በህንድ አገር የሚኖሩ የሂንዱ ሃይማኖት ተከታዮች በየዓመቱ ስለሚያከብሩት አንድ ታላቅ በዓል ነው። የሩቅ ሕዝብ በዓል ለገበሬ ልጅ ምን ይጠቅመዋል የሚል ቢኖር፥ አያቶቻችሁን ጠይቁ እላለሁ። በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ብዙ የህንድ መምህራን በአገራችን ትምህርት ቤቶች አስተምረዋል፤ ከእነርሱም ክርስቲያኖች ነበሩ፥ ሂንዱዎችም ነበሩ። ፊደል ቈጥረን ወንበር ዘርግተን የተቀበልነው መምህር በአገሩ ምን እንደሚያከብር አለማወቅ ለተማረ ሰው አይገባም።

የበዓሉ ስም ጃንማሽታሚ ይባላል። ቃሉ የሳንስክሪት ነው፤ ሳንስክሪትም ግዕዝ ለእኛ እንደ ሆነ ሁሉ ለእነርሱ የመጽሐፍና የጸሎት ቋንቋ ነው። ጃንማ ማለት ልደት፥ አሽታሚ ማለት ስምንተኛ ቀን ነው። በዓሉ በጨረቃ ስለሚቈጠር ቀኑ በየዓመቱ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ጨረቃ ሞልታ መጕደል ከጀመረች በኋላ በስምንተኛው ቀን ይከበራል። በእኛ አቈጣጠር በነሐሴ ወይም በጳጕሜን ይውላል፤ ያን ጊዜ በእነርሱም አገር የዝናብ ወራት ነው።

የሚከበረውም የክሪሽና ልደት ነው። ቪሽኑ የሚሉት አምላካቸው ለስምንተኛ ጊዜ ወደ ምድር ወርዶ የተገለጠው በክሪሽና ነው ብለው ብዙዎቹ ያምናሉ። ታሪኩም ባጋቫታ ፑራና በሚባለው መጽሐፋቸው በዐሥረኛው ክፍል ይገኛል፤ እንዲህም ነው።

በማቱራ ከተማ ካንሳ የሚባል ጨካኝ ሰው ነበረ፤ አባቱን አስሮ መንግሥቱን የወሰደ ነው። ይህ ሰው እኅቱን ዴቫኪን ለቫሱዴቫ ድሮ በሠረገላ ሲሸኛት፥ ስምንተኛው ልጇ እንደሚገድለው የሚናገር ድምፅ ከሰማይ ሰማ። ወዲያው ሰይፉን መዘዘባት፤ ባልዋም የሚወለዱትን ልጆች ሁሉ አመጣልሃለሁ ብሎ ለምኖ አዳናት። በኋላም ሁለቱን በወህኒ ቤት አስሮ ስድስቱን ልጆች ተራ በተራ ገደላቸው። ሰባተኛው በተአምር ወደ ሌላ ሴት ማሕፀን ተዛወረ ይላሉ። ስምንተኛው በእኩለ ሌሊት በተወለደ ጊዜ እግር ብረቱ ተፈታ፥ ዘበኞቹ አንቀላፉ፥ በሩም ተከፈተ። አባቱ ሕፃኑን ታቅፎ በዝናብ ወጣ፤ የያሙና ወንዝ ሞልቶ ነበርና መንገድ ለቀቀለት፤ ታላቅ እባብም ራሱን ዘርግቶ ከዝናቡ ጋረደው። በማዶም ወደሚኖሩት ከብት ጠባቂዎች ሰፈር ገብቶ፥ ያሾዳ የምትባል ሴት በዚያች ሌሊት ወልዳ ተኝታ ሳለች፥ ልጁን ከአጠገብዋ አስተኝቶ የእርስዋን ሴት ልጅ ይዞ ተመለሰ። ክሪሽናም በከብት ጠባቂዎች መካከል አድጎ ካንሳን ገደለ፥ አባትና እናቱንም ከእስራት አወጣ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ የበዓሉ ሥርዓት ከዚህ ታሪክ የተቀዳ ነው። ልደቱ በእኩለ ሌሊት ስለ ሆነ እስከዚያ ሰዓት ይጾማሉ፤ አንዳንዱ ውኃ እንኳ አይቀምስም፥ አንዳንዱ ፍራፍሬና ወተት ብቻ ይወስዳል። ሰዓቱ ሲደርስ በየቤተ መቅደሱ ደወል ይደወላል፥ የባሕር ቀንድ ይነፋል። የሕፃኑን ምስል በወተት፥ በእርጎ፥ በቅቤ፥ በማርና በስኳር አጥበው፥ ልብስ አልብሰው፥ በትንሽ የሕፃን አልጋ ያስተኙታል፤ ሰዎችም ተራ በተራ ገመዱን ይዘው ያወዛውዙታል። በደቡቡ አገር ደግሞ እናቶች ከደጃፍ ጀምሮ እስከ ጓዳ ድረስ የሕፃን እግር ዱካ በሩዝ ዱቄት ይሥላሉ፤ ይህም ሕፃኑ ወደ ቤታችን ገባ ማለት ነው። በወህኒ ቤት የተወለደውን፥ ማደሪያ ያጣውን ልጅ እያንዳንዱ ቤት ይቀበለዋል።

ክሪሽና በልጅነቱ ቅቤ መስረቅ ይወድ ነበር፤ ሴቶቹ ማሰሮውን ከፍ አድርገው ቢሰቅሉበት በባልንጀሮቹ ትከሻ እየወጣ ያወርደው ነበር ይባላል። ስለዚህ በማሃራሽትራ ግዛት፥ ይልቁንም በሙምባይ ከተማ፥ በማግስቱ እርጎ ያለበት ማሰሮ በገመድ ከፍ ብሎ ይንጠለጠላል። ጐበዛዝቱ አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ ይቆማሉ፤ ክብደቱ ቀላል የሆነ ልጅ ከሁሉ በላይ ወጥቶ ማሰሮውን ይሰብራል፤ ተመልካቾችም ከላይ ውኃ ያፈሱባቸዋል። ጨዋታው ዳሂ ሃንዲ ይባላል።

ነገር ግን ለአሸናፊው ብዙ ገንዘብ መሸለም በጀመረ ጊዜ ማሰሮው እየራቀ ሄደ፤ የሰውም ድርብ እስከ ዘጠኝ ደረሰ። ከላይ የወደቁ ተሰበሩ፥ የሞቱም አሉ። ስለዚህ በ2014 እ.ኤ.አ. የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እንዳይወጣ፥ ቁመቱም ከ20 ጫማ እንዳያልፍ አዘዘ። ብዙ ክርክር ተደርጎ በ2017 እ.ኤ.አ. የቁመቱ ወሰን ተነሣ፤ ከ14 ዓመት በታች ያሉት ልጆች ግን እንዳይወጡ ተወሰነ። ከሞት ያመለጠ ሕፃን በሚታሰብበት ቀን የሌላ እናት ልጅ ቢሞት፥ በዓሉ ምን ትርጕም ይቀርለታል?

እኔ በቈሎ ትምህርት ቤት ሳለሁ መሪጌታችን ቃሉን በቃላችን ካስያዙን በኋላ ምሥጢሩ ምንድር ነው ብለው ይጠይቁን ነበር። መልስ ያጣ ተማሪ ቃሉን አንድም ሳይስት ቢያነበንብ እንኳ አላወቅህም ይባል ነበር። ሥርዓትም እንዲሁ ነው። ምሥጢሩን የያዘ ሰው ሥርዓቱን በልክ ያደርገዋል፤ ምሥጢሩን የረሳ ግን ፉክክር ብቻ ይቀረዋል፥ ፉክክርም ደካማውን ያስከፍላል።

ስለዚህ ልጆቼ፥ የሌላውን ሕዝብ በዓል ስትሰሙ ከመሳቃችሁ በፊት ምሥጢሩን ጠይቁ። የራሳችሁንም እንዲሁ ጠይቁ። በዚያው በነሐሴ ወር ለቡሄ ጅራፍ ስታጮኹና ሙልሙል ስትቀበሉ፥ ይህ ስለ ምን ይደረጋል ብላችሁ ወደ አባቶቻችሁ ቅረቡ። ጅራፉንም ስታጮኹ ከአጠገባችሁ የቆመውን ታናሽ ልጅ ዐይን ጠብቁ።