የዓመቱ መጨረሻ ሲደርስ ተማሪ እህታችንን እንዴት እንርዳት?
(ቤይሩት ውስጥ በግንቦት ወር እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለእህቶች የተደረገ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

እህቶቼ፣ ብዙዎቻችሁ ከአሥር ሰዓት በፊት ቤት መግባት እንዳለባችሁ አውቃለሁ። ሲስተርም “ሃያ ደቂቃ ብቻ” ብለውኛል፤ ወጡም እየሸተተን ነው። ስለዚህ በቀጥታ ልግባ።

ዛሬ የምናገረው በስልካቸው ለሚማሩት እህቶቻችን አይደለም። እነሱ ብዙ ምክር ሰምተዋል። የምናገረው ለማትማሩት፣ ከጎናቸው ለምትቀመጡት ነው። ባለፈው መስከረም የኢንተርኔት ትምህርቱ፣ እንግሊዝኛውና ኮምፒውተሩ ሲጀመር፣ እነዚህ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ሞልተው ነበር። ዛሬ እዩአቸው፤ አንዱም አልሞላም። የዓመቱ ፈተና ደግሞ ከአንድ ወር በኋላ ነው።

ሰው የሚያቋርጠው መጀመሪያ ላይ ሲከብደው ይመስለን ነበር። በዚህ አገር ለሚሠራ ሰው እንደዚያ አይደለም። የሚከብደው ግንቦትና ሰኔ ነው። የማዳም ልጆች ፈተና ላይ ናቸው፤ ቤቱ በሙሉ ተጨንቋል፤ ጭንቀቱ ደግሞ መጨረሻ የሚያርፈው እኛ ላይ ነው። ምንጣፉ ታጥቦ ተጠቅሎ የሚቀመጠው አሁን ነው። ከውጭ አገር ዘመድ ለበጋ የሚመጣው አሁን ነው። ወደ ተራራው ቤት የሚወጡትም ዕቃ የሚያስጭኑት አሁን ነው፤ እዚያ ሲደርሱ ኔትወርኩ ይኑር አይኑር የሚያስብልሽ የለም። ከአገር ቤት ደግሞ ክረምቱ ሳይገባ ቆርቆሮው ይቀየር የሚል ስልክ ይመጣል። ይህ ሁሉ በአንድ ወር ነው። ፈተናውም በዚያው ወር ነው።

አንዲት እህታችን አለች። ስሟን አልጠራም፤ ታሪኳን እንድናገር ግን ፈቅዳልኛለች፤ ዛሬም እዚሁ መሃላችን ናት። ባለፈው ዓመት ከመስከረም እስከ ሰኔ አንድም ትምህርት አላለፋትም። ልጆቹን አስተኝታ፣ የእራቱን ዕቃ አጥባ፣ ስልኳን የምትከፍተው ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ነበር። የራሷ ክፍል የላትም፤ የምትተኛው ከወጥ ቤቱ ጎን ባለው በረንዳ ላይ ነው። ደብተሯን የልብስ ማጠቢያው ማሽን ላይ ዘርግታ ቆማ ነው የምትጽፈው። የመጨረሻው ሥራ ስለ ራሷ ሁለት ገጽ በእንግሊዝኛ መጻፍ ነበር። ማስታወቂያው “ዓርብ 12፡00 ኤ.ኤም.” ይላል። ኤ.ኤም. የጠዋት እንደሆነ ታውቃለች። በእኛ አቆጣጠር የጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ማለት ፀሐይ ስትወጣ ነው። ስለዚህ ሐሙስ ሌሊቱን ሙሉ ጻፈች። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ጨርሳ ልትልክ ስትል ተዘግቷል ይላታል። ደግማ ሞከረች፤ ተዘግቷል። በፈረንጅ ሰዓት 12፡00 ኤ.ኤም. እኩለ ሌሊት ነው፤ የእኛ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት። “ዓርብ 12፡00 ኤ.ኤም.” ሲሉ ሐሙስ አልቆ ዓርብ የሚጀምርባት ደቂቃ ማለታቸው ነው። እሷ ገና ሁለተኛውን አንቀጽ ስትጽፍ ጊዜው አልፎ ነበር።

ጥፋቱ የእኔም ነው። ረቡዕ ዕለት በዋትሳፕ ደውላ “ዓርብ ጠዋት አስረክባለሁ” ብላኝ ነበር። እኔም “በርቺ፣ እግዚአብሔር ይርዳሽ” አልኩና ዘጋሁት። “ዓርብ ጠዋት ስንት ሰዓት? እስቲ የጻፉልሽን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ” ብያት ቢሆን ያንን ዓመት ባልተቃጠለች። በርቺ ማለት ቀላል ነው፤ ካርድም አይፈጅም።

ከዚያ ሦስት እሁድ ቀረች። እኔ “ማዳሟ ከልክላት ነው” እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራሁ፤ የማላውቃትን ሴት በነጻ አማኋት። ለካ የቀረችው አፍራ ነው። በአራተኛው እሁድ መጥታ ስትነግረኝ ተቀምጠን ለአስተማሪዋ ጻፍን፤ ግን መዝገቡ ተዘግቶ፣ የምስክር ወረቀቱም ለሌሎቹ ወጥቶ ነበር። በማግሥቱ ብንጽፍ ኖሮ ምናልባት ያዩላት ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ልመናዬ ይህ ነው፤ ተማሪዋ እህታችሁ በፈተናው ሰሞን ድምፅዋ ከጠፋ በዚያው ቀን ደውሉላት። እሁድን አትጠብቁ። “ለምን ጠፋሽ?” ብላችሁም አትቆጧት፤ “ምን ቀረሽ? ምን አስቸገረሽ?” በሏት።

ስለ ሰዓት ካነሣሁ፣ እዚህ አገር ሰዓት ያልተደናገረው ማን አለ? በማርች 2023 የሆነው ትዝ ይላችኋል? መንግሥት “የበጋው ሰዓት እስከ ረመዳን መጨረሻ ይቆይ” አለ፤ የማሮናይት ቤተክርስቲያንና ሌሎችም “አንቀበልም” ብለው በወጉ ቀን አስቀደሙ። ለጥቂት ቀናት በአንድ አገር ሁለት ሰዓት ሆነ። እኔ ያን ጊዜ ፍሪላንስ ነበርኩ፤ አንደኛዋ ሴትዮ በአንዱ ሰዓት ትጠብቀኛለች፣ ሁለተኛዋ በሌላው፤ የሐበሻው ሲጨመር ሦስት ሰዓት ይዤ ነበር የምዞረው። ሳቅ ይመጣል እንጂ ሁላችንም በየቀኑ የምንኖረው እንደዚያ ነው። ማዳም “አሥር ሰዓት ቀስቅሺኝ” ስትል የእሷን አሥር ታስባላችሁ፤ ከእናታችሁ ጋር ስታወሩ የእኛን ታስባላችሁ። በዚያ ላይ በክረምት ቤይሩት ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ በበጋ እኩል ናቸው። ሌሊቱን ሙሉ የደከመ ጭንቅላት ይህን ሁሉ ብቻውን አያሰላም። ሁለተኛ ዓይን ያስፈልገዋል፤ እናንተ ያ ሁለተኛ ዓይን ሁኑ። ማስታወቂያውን አብራችሁ አንብቡ፤ ቀኑንም ሰዓቱንም በሐበሻ አቆጣጠር በወረቀት ጽፋችሁ ትራሷ ሥር አስቀምጡላት። እኔ ግን አንድ ቀን አስቀድሜ ነው የምጽፍላቸው፤ ይህ ውሸት አይደለም፣ ጥንቃቄ ነው።

መብራቱንም ታውቁታላችሁ። ካህራባው ይሄዳል፣ የሞተሩ ሰው ደግሞ ብዙ ቦታ ሌሊት ያጠፋል፤ እኛ የምናጠናበት ሰዓት ማለት ነው። መብራቱ ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ በፈተናው ሳምንት ፓወር ባንክ ያላችሁ አውሱ። ትምህርቱ እዚህ እሁድ በቤተክርስቲያኑ ዋይፋይ አስቀድሞ ይውረድላት። ለልደት ኬክ እንደምናዋጣው ለዳታ እናዋጣ። ሲም ካርዷንም ጠይቋት፤ ሳይሞላ የከረመ መስመር ይቃጠላል፤ የትምህርቱ መግቢያ ቁጥር በመልእክት የሚመጣው ደግሞ በዚያው መስመር ነው። መስመሩ ከጠፋ በሩ ከውጭ ተቆለፈባት ማለት ነው። የይለፍ ቃሏን ደብተር ላይ ትጻፈው፤ ደብተሩ ግን እሷ ዘንድ ይሁን።

አሁን ወደ ማዳም ልምጣ። ማዳም ሌሊት ስልክ በእጃችሁ ስታይ መጀመሪያ የምታስበው ወንድ ነው፤ እንተዋወቃለን። ትምህርት መሆኑን ካላሳየናት ከየት ታውቃለች? ከፈተናው አንድ ሳምንት አስቀድማ ትንገራት፤ እንግዳ በሌለበት፣ ቡናዋን ጠጥታ በተቀመጠችበት ሰዓት። “ጊዜ ስጪኝ” አትበል፤ ያ ማለቂያ የለውም። “ማክሰኞ ማታ ሁለት ሰዓት ብቻ፤ ካውያውን ሰኞ እጨርሳለሁ” ትበል። ስልኩን ከፍታ ትምህርቱን ታሳያት። በ2020 በኮሮና ጊዜ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆቹ በቤት ሲማሩ አጠገባቸው ተቀምጠን “ማይኩን ዝጋ፣ ካሜራውን ክፈት” ስንል የነበርነው እኛ አይደለንም? ያን ያየች ማዳም ነገሩ ይገባታል። አንዷ እህታችን ይህን ስታደርግ የቤቱ ትልቅ ልጅ እንግሊዝኛዋን ልታርምላት ፈቃደኛ ሆነች። ሌላዋ ግን ስልኳን ተነጠቀች። ሁለቱም ይሆናል። ስልክ ከሚቆለፍበት፣ ፓስፖርት ከሚያዝበት ቤት ያለችውን እህት “ጠይቂ፣ ተከራከሪ” ብላችሁ አትግፏት። ለፈተና ብላ ከቤት ብትወጣ ኢቃማዋን ታጣለች፤ እንደዚያ ሆኖ ያየሁት አለ። ለሲስተር ንገሩልን፤ ሌላ መንገድ እንፈልጋለን፤ ባይገኝም ፈተናው ለሚቀጥለው ዓመት ይቆያል።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፤ ፈተናውን አትሥሩላት። ከፍቅር እንደሚመጣ አውቃለሁ። “ደክሟታል፣ እኔ ልጻፍላት” ይባላል፤ አሁን ደግሞ ስትጠይቁት ሁሉን የሚጽፍ ፕሮግራም በስልክ አለ። ያቺ እህታችን ሁለቱን ገጽ የጻፈችው ስለ እናቷ፣ ስለ በረንዳው፣ ስለ ማጠቢያው ማሽን ነበር። ሰዋስዉ ስሕተት ሞልቶታል። አነበብኩት፤ አለቀስኩ። የትኛው ማሽን ነው ያን የሚያውቀው? ሥራዋን ውሰዱላት እንጂ ፈተናዋን አትውሰዱባት። የእሁድ የጽዳት ተራዋን ውሰዱ። የኩሽናውን ተራ ውሰዱ። ለቤተሰቧ “እስከ ሰኔ መጨረሻ አትደውሉ፣ ፈተና ላይ ናት፣ ገንዘቡ ይመጣል” ብሎ የሚነግርላት ሰው ሁኑ። ከእሷ አፍ ይልቅ ከእናንተ ሲሰሙ አይቀየሙም፤ እኔ ብዙ ጊዜ ደውዬ አውቃለሁ፤ አንዲት እናት ብቻ ናቸው የዘጉብኝ።

ብዙዎቻችሁ ቅድስት ጆሴፊን ባኪታን ታውቃላችሁ። ከሱዳን፣ ከዳርፉር በልጅነቷ ተሰርቃ የተሸጠች፣ በመጨረሻ ጣሊያን ሄዳ እንደ እኛ የሰው ልጅ ስትጠብቅ የነበረች ናት። በ1888 እመቤቷ ወደ ሱዳን ስትሄድ እሷንና ሕፃኗን ቬኒስ ውስጥ ካኖሲያን ደናግል ዘንድ ትታቸው ሄደች። ባኪታ የገባችው ለሕፃኗ ጠባቂ ሆና ነው፤ ግን እዚያ ተማረች። እመቤቷ ተመልሳ ልትወስዳት ስትመጣ ባኪታ “አልሄድም” አለች። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰና ኖቬምበር 29 ቀን 1889 ነጻ ሰው መሆኗ ተፈረደላት፤ ጃንዋሪ 9 ቀን 1890 ተጠመቀች። ይህን ሁሉም ይተርከዋል። የእኔን ዓይን የሚስበው ግን አንድ ሌላ ሰው ነው። የቤተሰቡን ንብረት ያስተዳድር የነበረ ኢሉሚናቶ ኬኪኒ የሚባል ሰው ነበር። ትንሽ መስቀል የሰጣት እሱ ነው፤ ደናግሉ ዘንድ የምትቀመጥበትን መንገድ ያመቻቸውም እሱ ነው። አልተማረላትም፣ አልተጠመቀላትም። ቦታ አገኘላት። እኛም ለተማሪዎቻችን ይህን ያህል ማድረግ አያቅተንም።

ልጨርስ፤ አንድ የቀረኝ ነገር አለ፤ ስም። ብዙዎቻችን ፓስፖርታችን ላይ ያለው ስም እናታችን ያወጣችልን አይደለም። ዕድሜውም የደላላ ነው። ተማሪዋ ስትመዘገብ የትኛውን ስም ሞላች? እዚህ ከፓስፖርት ጋር የምታሳየው ወረቀት ከፓስፖርቱ ጋር ካልገጠመ ችግር ነው፤ አገር ቤት ከስምንተኛ ክፍል ካርዷ ጋር ልታያይዘው ከፈለገች ደግሞ ሌላ ችግር ነው። እኔ “ይህኛው ይሁን” አልላትም፤ ሕይወቷ የሷ ነው። ግን ወረቀቱ ከታተመ በኋላ ሳይሆን አሁን፣ ከፈተናው በፊት፣ ለአስተማሪዋ እውነቱን ጽፋ ትጠይቅ። ጽሑፉን ማርቀቅ የሚከብዳት ካለች እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በፊት እዚህ ነኝ።

በሉ፣ ሁላችሁም ስልካችሁን አውጡ። ያቺ እህታችን ዘንድሮ እንደገና ተመዝግባለች፤ ትምጣና የዘንድሮውን ማስታወቂያ ታንብብልን። ... ጎሽ። “ጁን 14፣ 11፡59 ፒ.ኤም.” ይላል። በሐበሻ ስንት ሰዓት ነው? ቀን ነው ሌሊት? ከኋላ ያላችሁት መልሱልኝ።