ዓርማ ተሸካሚውና አደራው

የዘነበወርቅ ነዋሪዎች፤

የዛሬው ርእሴ የጥንቱ የሮማ ጦር ዓርማ ተሸካሚ ነው። ነገሩ ከሰፈራችን የራቀ ቢመስልም መድረሻው እዚሁ ነው።

በሮማ ሠራዊት እያንዳንዱ የመቶ ጭፍራ፣ ክብ የብረት ጌጦች የተደረደሩበት ረጅም ዘንግ ነበረው። ያዡ ሲግኒፈር ይባላል፤ በራስ ቁሩ ላይ የአውሬ ቆዳ ይደርባል፣ አነስተኛ ክብ ጋሻና ጎራዴም ይታጠቃል። የብዙ መቶ ጭፍሮች ስብስብ የሆነው የሌጌዎን ሁሉ ዓርማ የነበረውን ንስር የሚይዘው አኲሊፈር ሲሆን፣ የንጉሠ ነገሥቱን ምስል የሚሸከመው ደግሞ ኢማጊኒፈር ነበር።

አቧራና ጩኸት የአዛዡን ቃል በሚውጡበት ሜዳ፣ መለከት ሲነፋ ወታደሩ ወደ ዓርማው ያያል፤ ዓርማው ከሄደ ይሄዳል፣ ከቆመ ይቆማል። የተበተነም የሚሰበሰበው በዙሪያው ነው። በ9 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በጀርመን ጫካ ሦስት ንስሮች በጠላት እጅ ሲወድቁ፣ ሮማ እነሱን ለማስመለስ ዓመታት ደክማለች።

ከውጊያው ባሻገር ሲግኒፈሩ የገንዘብ ጠባቂም ነበር። ስለ ሮማ ጦር የጻፈው ቬጌቲዩስ እንደሚለው፣ ለወታደሩ ከሚሰጠው ስጦታ ግማሹ በዓርማው ዘንድ ይቀመጣል፤ ለሟቾች ቀብርም የተለየ ከረጢት አለ። ስለዚህ ለሥራው የሚመረጠው ታማኝ ብቻ ሳይሆን ጽሕፈትና ሒሳብ የሚያውቅም ሰው ነው። ገንዘቡን በዓርማው ሥር ያኖረ ወታደር አይከዳም የሚለው የቬጌቲዩስ ሐሳብ የነገራችን ቁልፍ ነው።

በእኛ አገር ሥራው ለብዙዎች ተከፋፍሎ ነበር። የሚጠራው ነጋሪት ነው፤ መለከትና እምቢልታ ያጅቡታል። ሰፈር ሲደረግ የንጉሡ ድንኳን መሐል ይተከላል፤ ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኝ አዝማች በቀኝ፣ ግራ አዝማች በግራ ስለሚሰፍሩ ወታደሩ ቦታውን አይስትም። የተቀደሰ ምልክትም ነበር፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ የጊዮርጊስ ታቦት ከሠራዊቱ ጋር ነበር።

በ1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ፋሽስቶች ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቻቸውን በሌጌዎን ከፋፍለው፣ መኮንኖቻቸውንም በሮማ ማዕረግ ጠርተው መጡብን። መስከረም 22 ቀን በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት የክተት ነጋሪት ተጎሰመ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ግን ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ተከታዮቹን ይዞ ለጠላት ገባ። ይህ ሰው ቀደም ብላ ያረፈችው የልዕልት ዘነበወርቅ ባል ነበር፤ የኛም ሰፈር የሚጠራው በእሷ ስም ነው።

ነጋሪቱ ለሁሉም እኩል ተጎስሟል። ጥሪ ግን ብቻውን ሰው አያጸናም፤ የሚያጸናው አስቀድሞ የተጣለ አደራ ነው። ሮማውያን ይህን አውቀው የጦሩን ዓርማና የወታደሩን ገንዘብ በአንድ ሰው እጅ አኖሩ።

የቀብሩ ከረጢት ለእናንተ እንግዳ አይደለም፤ ሲግኒፈሩ በዚያ በኩል የእድራችሁ ገንዘብ ያዥ ነው። እሱን ስትመርጡ የድምፁን ማማር ሳይሆን ታማኝነቱንና ሒሳብ ማወቁን መርምሩ። የመዝገቡ ሒሳብ በየጊዜው ለአባላት ሲነበብ አባሉ የእኔ ብሎ ይቆማል፤ መዝገቡ ሲደበቅ ግን የእድሩ ጡሩንባ ቢነፋም መጪው ይሳሳል።