ለራስ ጥብቅ፣ ለልጅ ገር

ስኮትላንዳዊው ሯጭ ኤሪክ ሊድል የ100 ሜትር ማጣሪያው እሑድ ቢውልበት፣ ሰንበትን ለማክበር ሲል “አልሮጥም” አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1924 በፓሪስ ኦሎምፒክ ግን በ400 ሜትር ወርቅ አጠለቀ። በዓመቱ ቻይና ሄዶ በቲያንጂን ሳይንስ ያስተምር ጀመር። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አደጋ ሲያሰጋ ነፍሰ ጡር ባለቤቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን ወደ ካናዳ ሸኝቶ እሱ ቀረ። ጃፓኖች ባሰሩበት ካምፕም ልጆችን ያስተምር፣ ያጫውት ነበር። እሑድ ሲጫወቱ ጠብ ቢበረታ፣ ያ ለእሑድ ሲል ውድድር የተወ ሰው ሊዳኛቸው ወጣ። በ1945 በአንጎል ዕጢ ሲሞት ዕድሜው 43 ነበር፤ ሦስተኛ ልጁን ዓይኗን አላየም። ለራስ ጥብቅ፣ ለልጅ ገር መሆን የመምህርም የአባትም ወግ ነው። ዛሬ ክፍል የምትገቡ መምህራን፣ መልካም ቀን!